«ይሄን እኮ ባለፈው ሳምንት ተምረነዋል»

መጋቢት 2015 ነው። ድሬዳዋ ውስጥ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነኝ። ከ10ኛ ክፍል የኬሚስትሪ ምልከታ ወጥቼ ወደ ቢሮዬ እየሄድኩ ነበር። ደስ ብሎኛል። መምህርቷ ሎሚ ጨምቃ፣ የሳሙና ውሃ በጥብጣ፣ ሊትመስ ወረቀት እየነከረች አሲድና ቤዝን እንደ ጨዋታ ነው ያስተማረችው። ልጆቹ እጅ ሲያወጡ፣ ሲመልሱ፣ አንዱ ሲሳሳት ሌላው ሲያርመው፣ እንደዛ ያለ ክፍል በዚያ ዓመት አላየሁም። ቅጹ ላይ ያሉትን መስፈርቶች በሙሉ ከ5 አምስት አምስት ሞልቼ ነው የወጣሁት።

አንድ ልጅ ከኋላዬ እየሮጠ ደረሰብኝ። ሽንት ቤት አስፈቅዶ የወጣ ነው። «ቲቸር፣ ጥሩ መለስን አይደል?» አለኝ። በጣም ጎበዞች ናችሁ አልኩት። «ይሄን እኮ ባለፈው ሳምንት ተምረነዋል። ዛሬ ሰው ይመጣል ተብሎ ነው የደገምነው» አለና መንገዱን ቀጠለ።

ልጁ እያሳበቀ አልነበረም። ኮርቶ ነበር። መምህርቷን ከጉድ ያወጣ፣ የበኩሉን የተወጣ ልጅ ኩራት ፊቱ ላይ ይታይ ነበር። እኔ ግን ኮሪደሩ ላይ ቅጹን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

መጀመሪያ ተናደድኩ። ተታለልኩ ብዬ ነው የተናደድኩት። ማታ ላይ ግን ንዴቱ ወደ ሌላ ነገር ተቀየረብኝ። ይቺ ሴት 22 ዓመት ያስተማረች ናት። እኔ ሱሪዬን መታጠቅ ሳልማር ጠመኔ የጨበጠች። ድራማ መሥራት አያስፈልጋትም። ታዲያ ምን አስፈራት? ሦስት ቀን ያህል ይሄ ጥያቄ ከውስጤ አልወጣም አለ። እየቆየ ሲሄድ መልሱ ወደ እኔ እየተጠጋ መጣ።

ፍርሃቱን ማን አመጣው?

ከዚያ በፊት የሆነውን ልንገራችሁ። ጥር 2015 የ12ኛ ክፍል ውጤት ይፋ ሲሆን አገር ምን እንደመሰለ ታስታውሳላችሁ። ተማሪዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተው የተፈተኑበት የመጀመሪያው ዓመት ነበር፣ በአገር ደረጃ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ። የሁሉም ትምህርት ቤት ስታፍ እንደ ለቅሶ ቤት ሆኖ ነበር። እኛም ስብሰባ ተቀመጥን። የ12ኛ መምህራን «ከ9ኛ ጀምሮ ሳይችሉ ነው የሚመጡልን» አሉ። የ9ኛዎቹ አንደኛ ደረጃን ወቀሱ። አንዱ ወላጅን፣ አንዱ ስልክን፣ አንዱ ኮቪድን ወቀሰ። ሦስት ሰዓት ሙሉ ጣት ስንቀሳሰር ቆይተን አንድም ሰው «እኔ ክፍል ውስጥ ይሄ ከብዶኛል» ሳይል ጨረስን።

መዝጊያው ላይ እኔ ተነሳሁ። ርዕሰ መምህር ከሆንኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው። ቆራጥ መሆን አለብኝ ብዬ «ከአሁን በኋላ ክትትል ይጠናከራል፣ እያንዳንዱ መምህር በመንፈቀ ዓመቱ ሁለት ጊዜ ይታያል፣ ውጤቱም ከምዘና ጋር ይያያዛል» አልኩ። ቃለ ጉባኤ ላይ ሰፈረ። ተጨበጨበ። ዛሬ ሳስበው ያን ቀን ሰውን ለማገዝ አንድ ነገር አላልኩም። የተናገርኩት በሙሉ ሰውን ስለመያዝ ነበር።

የመምህር ምዘና ምን እንደሆነ መምህር ያልሆነ ሰው ላይገባው ይችላል። በየመንፈቀ ዓመቱ የሚሞላው ነጥብ ለደረጃ እድገት ይቆጠራል። ከጀማሪ መምህር ተነስቶ መሪ መምህር እስኪባል ድረስ ያለው መሰላል፣ ደሞዙም ጭምር፣ እዛ ወረቀት ላይ ይንጠለጠላል። ስለዚህ ቅጽ ይዤ ክፍል ስገባ የሚያዩት ሊረዳቸው የመጣ ባልደረባ አይደለም። የቤት ኪራይና የልጅ ወተት ላይ የሚፈርም እጅ ነው የሚያዩት።

ከአጥሩ ውጭ እና ከአጥሩ ውስጥ

ድሬ ያደገ ሰው የሚቀጥለውን ያውቀዋል። የእኛ ከተማ ሰው ማቀራረብ ይችልበታል። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ሰው ደጃፉ ላይ ወጥቶ ይቀመጣል፣ የሚያልፍ ሁሉ ሰላም ይባላል። ልጆች በአንድ ጨዋታ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማሊኛ እየቀላቀሉ ይሰዳደባሉ፣ ይታረቃሉ። አንቱታ ብዙም አይሆንልንም፤ አባትህን የሚያህል ሰው «አንተ» ስትለው አይቀየምም፣ እንደውም አንቱ ካልከው ምን ሆነሃል ይልሃል። ከከዚራ ደቻቱን ተሻግረህ መጋላ እስክትገባ ድረስ ስንት ሰው «አቦ እንዴት ነህ» እንደሚልህ ቆጥረህ አትጨርሰውም።

የትምህርት ቤቱን በር ስንገባ ግን ይሄ ሁሉ የት ይሄዳል? የእኛ የመምህራን ማረፊያ ግድግዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ተጽፏል። ከጽሑፉ ሥር የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራን በአንድ በኩል፣ የማኅበራዊ ሳይንስ በሌላ በኩል፣ የቋንቋ መምህራን በር አጠገብ፣ ነባሮቹ ቬንትሌተሩ ሥር ይቀመጣሉ። አዲስ የመጣ ሰው የት እንደሚቀመጥ እስኪያውቅ ወር ይፈጅበታል። ጨዋታ አለ፣ ሳቅ አለ። ለቅሶና ሠርግ ላይ ተያይዘን ነው የምንሄደው፣ በዚህ አንታማም። ስለ ማስተማር ብቻ ነው የማናወራው። ስለ ደሞዝ፣ ስለ ዝውውር፣ ስለ ኳስ እናወራለን፤ ዛሬ ክፍል ውስጥ ምን እንደተበላሸብን ግን እንደ ገመና እንደብቀዋለን።

«ልታየኝ ነው ወይስ ልትሞላብኝ?»

በአራተኛው ቀን አስጠራኋት። ስትገባ ብድግ ብዬ «ይግቡ፣ ይቀመጡ» አልኳት።

በሩ ላይ ቆመች። «ከመቼ ወዲህ ነው አንቱ የሆንኩት? ቅዳሜ ታይዋን ገበያ ስንገናኝ ሽንኩርቴን ተሸክመህልኝ፣ ‹አንቺ ምን ይሄን ሁሉ ገዛሽ› አላልከኝም?»

ልክ ናት። ብያታለሁ። ቢሮ ውስጥ የገባሁ ጊዜ አፌ ራሱን ይቀይራል። አክብሮት ይመስለኝ ነበር። ለእሷ የተሰማት ግን በሩ ሲዘጋባት ነው።

ልጁ ያለኝን ነገርኳት፣ ማን እንደሆነ ሳልነግራት። አልካደችም። ትንሽ ዝም ብላ በመስኮቱ ወደ ሜዳው አየች። ከዛ እንዲህ አለችኝ፦

«አቦ፣ እውነቱን ልንገርህ? በዚህ ሁሉ ዓመት ስንት ሰው ገብቶ አይቶኛል። አንድም ሰው ‹ምን ከበደሽ› ብሎኝ አያውቅም። ከኋላ ይቀመጣል፣ ይጽፋል፣ ያስፈርመኛል፣ ይሄዳል። አሲድና ቤዝ ለእኔ ቀላል ነው፣ ተኝቼም አስተምረዋለሁ። የሞል ስሌት ሳስተምር ግን ግማሹ ክፍል እንደሚጠፋብኝ አውቃለሁ። በየዓመቱ አውቃለሁ። ምን እንደማደርግ ነው የማላውቀው። የዛን ቀን ብትመጣ ምን ትሞላልኝ ነበር? ንገረኝ። አንተ የምትመጣው ልታየኝ ነው ወይስ ልትሞላብኝ?»

መልስ አልነበረኝም። ምን እንደምሞላ ግን በደንብ አውቀው ነበር። ሁለት እሰጥና ከታች «ተማሪ ተኮር ዘዴ መጠቀም ይጠበቅባታል» ብዬ እፈርም ነበር። እሷም ፈርማ ትወጣለች። ልጆቹም የሞል ስሌት ሳይገባቸው 11ኛ ይገባሉ።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። ተረቱን ስንተርት ሁሌም የምንወቅሰው በሽተኛውን ነው። ያን ቀን ግን ሐኪሙን አሰብኩት። በሽታህን ስትነግረው የሚቀጣህ ሐኪም ዘንድ ማን ይሄዳል?

በኋላ ስለዚህ ነገር ሳነብ አንድ ያልጠበቅኩትን አገኘሁ። ኤሚ ኤድመንድሰን የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሆስፒታሎች ውስጥ የመድኃኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና፣ ጥሩ ተግባብተው የሚሠሩ ቡድኖች ስህተታቸው ያነሰ ይሆናል ብላ ነበር የጠበቀችው። የተመዘገበው ግን በተቃራኒው ሆነ፤ እነሱ ዘንድ በዛ። የደረሰችበት ማብራሪያ፣ እነዚህ ሰዎች ከሌሎቹ የባሱ ሆነው ሳይሆን ስህተታቸውን ሳይፈሩ ስለሚናገሩት ነው የሚል ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሱፐርቫይዘር የማሳየው ፋይል ውስጥ ምንም ችግር የሌለበት ትምህርት ቤት ነበረኝ።

ልትወጣ ስትል ዞር ብላ «አንተንስ ማን ገብቶ አይቶህ ያውቃል?» አለችኝ።

27 ጭረት

ፊዚክስ ነበር የማስተምረው። ርዕሰ መምህር ከሆንኩ ወዲህ ግን ጠመኔ አልነካሁም። በዚያ ሳምንት አንዲት የፊዚክስ መምህርት የወሊድ ፈቃድ ወጥታ ስለነበር የ9ኛ ክፍል ሁለት ክፍለ ጊዜ ወሰድኩ። ለኬሚስትሪዋ መምህርት «ነይና እዪኝ» አልኳት። የቀለድኩ መስሏት ነበር። መጣች። ቅጽ አልያዘችም፣ ከደብተር የተቀደደ ወረቀት ነው የያዘችው።

ጥሩ ያስተማርኩ መሰለኝ። ድምፄ ይሰማል፣ ሰሌዳው ንጹሕ ነው፣ እጠይቃለሁ፣ ልጆቹ ይመልሳሉ። ከክፍል ወጥተን ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር ስንቆም ወረቀቱን ሰጠችኝ። ጭረት ብቻ ነው ያለበት። 27 ጥያቄ ጠይቄያለሁ። 19ኙን የመለስኩት ራሴ ነኝ። የቀሩትን ስምንቱን ፊት ወንበር ላይ ያሉ ሦስት ልጆች ተከፋፍለውታል። ከኋላ ካሉት አንድም የለም።

«አትጠብቅም» አለችኝ። «ጠይቀህ ትንፋሽ ሳትወስድ ትመልሰዋለህ። ልጁ እኮ ጥያቄህን በእንግሊዝኛ ይሰማል፣ ውስጡ ወደ ኦሮምኛ ወይ ሶማሊኛ ወይ አማርኛ ይቀይረዋል፣ ያስባል፣ መልሱን መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይቀይራል። አንተ እዛ ሳይደርስ ሰሌዳው ላይ ጽፈህ ጨርሰሃል።»

በሕይወቴ ከተሰጠኝ ሙያዊ አስተያየት ሁሉ ይሄን የሚያህል የለም። ዩኒቨርሲቲም፣ ሥልጠናም፣ ሱፐርቫይዘርም እንዲህ አልነገሩኝም። ሜሪ በድ ሮው የምትባል አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ ከ50 ዓመት በፊት ይሄንኑ እንዳጠናች ያወቅኩት በኋላ ነው። መምህራን ከጠየቁ በኋላ በአማካይ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ እንደሆነ፣ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲታገሱ ደግሞ የሚመልሱ ልጆች እንደሚበዙ፣ መልሳቸውም እንደሚረዝም ለክታ አሳይታለች። ያ ልኬት የአሜሪካ ልጆች ላይ ነው። ሦስት ቋንቋ እየቀያየረ ለሚያስበው የድሬ ልጅ ስንት ሰከንድ እንደሚያስፈልገው ገምቱት።

ዓርብ ስብሰባ ነበረን። አጀንዳው ሌላ ነው። እኔ ግን ያቺን የተቀደደች ወረቀት አወጣሁና አነበብኳት። 27 ጠይቄ 19 ራሴ መለስኩ፣ ከኋላ ያሉትን ረሳኋቸው፣ ያየችኝም እሷ ናት አልኩ። ቬንትሌተሩ ሲሽከረከር ብቻ ይሰማል። ወጥመድ የመሰላቸው ይመስለኛል፣ በእነሱ ቦታ ብሆን እኔም እንደዛ ባሰብኩ።

ዝምታው በጣም ረዘመ። ከዛ አንጋፋው የታሪክ መምህራችን፣ ስብሰባ ላይ ተናግሮ የማያውቅ ሰው፣ ከተቀመጠበት ሳይነሳ «እኔም ራሴ ጠይቄ ራሴ ነው የምመልሰው። ጊዜ አይበቃኝማ» አለ። ቀጥሎ አንዲት ወጣት መምህርት 9ኛ ሲን መቆጣጠር እንዳቃታት፣ ከዚያ ክፍል ስትወጣ አንዳንድ ቀን እንደምታለቅስ ተናገረች። አጠገቧ ያለችው ሴት እጇን ያዘቻት። ከዛ ኬሚስትሪዋ ተነስታ ስለ ሞል ስሌት ለእኔ የነገረችኝን ለሁሉም ነገረች።

ከበር አካባቢ አንድ ልጅ እግር መምህር፣ እሱም ኬሚስትሪ፣ ሦስት ዓመት ከእኛ ጋር የቆየ፣ እጁን እንደ ተማሪ አወጣ። «እኔ በለውዝ ነው የማስተምረው» አለ። የባቢሌ ለውዝ ገዝቶ ይገባል። 100 ፍሬ ያስቆጥርና ያስመዝናል። ከዛ ሙሉ ፌስታሉን ሰጥቶ «ሳትቆጥሩ ስንት ፍሬ እንዳለ ንገሩኝ» ይላቸዋል። ልጆቹ ፌስታሉን መዝነው፣ አካፍለው፣ ቁጥሩን ይደርሱበታል። «ሞልም ይኼው ነው፣ አተም ተቆጥሮ ስለማያልቅ እየመዘንን እንቆጥረዋለን፤ 6.02 × 10²³ ማለት የእኛ አንድ ፌስታል ነው እላቸዋለሁ» አለ።

ኬሚስትሪዋ ወደ እሱ ዞራ «ሦስት ዓመት ሙሉ ይሄን ይዘህ እዚህ ተቀምጠሃል?» አለችው። «ማን ጠየቀኝ?» አላት። በየዓመቱ የሚጨንቃት ነገር መልሱ ከወንበሯ አራት ሜትር ርቆ ተቀምጦ ነበር።

ከዛ በኋላ ያለው ሥራ

ስብሰባው ብቻውን ምንም አይቀይርም ነበር። ደስ የሚል ዓርብ አሳልፈን ሰኞ ወደ ነበርንበት መመለስ ይቻላል። ከባዱ ሥራ የጊዜ ሰሌዳው ነው። የአንድ ዲፓርትመንት መምህራን በሳምንት አንድ ባዶ ክፍለ ጊዜ አብረው እንዲኖራቸው፣ ፕሮግራም ከሚያወጣው ባልደረባዬ ጋር ሁለት ሳምንት ወረቀት ስንቀድና ስናጣብቅ ሰነበትን። ሰው ሌላውን ለማየት ሲገባ ክፍሉን የሚይዝለት ይፈልጋል፤ እኔና ምክትሌ ያዝን። ስለ ትብብር አሥር ጊዜ ከመናገር ያቺ አንድ ባዶ ክፍለ ጊዜ ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ።

የሚያየውንና የሚታየውን ሰው መምህራኑ ራሳቸው መረጡ። ቅጽ የለም፣ ነጥብ የለም። የሚታየው ሰው ቀድሞ «ይሄን እይልኝ» ብሎ አንድ ነገር ይናገራል፣ የሚያየውም ያንኑ ብቻ ያያል። ወረቀቱ እኔ ጋ አይመጣም። ለምዘና የምገባበት ቀን ለብቻው እንዳለ ቀጠለ፣ ሕግ ነውና። ሱፐርቫይዘራችን መጀመሪያ «ማስረጃው የታለ?» አለን፤ ቀንና ስም ብቻ እንድንመዘግብ ተስማማን። ሰዓቱንም መምህር በዓመት ለሚጠበቅበት 60 ሰዓት ተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ (ተሙማ) ቆጠርንላቸው። የበፊቱን የተሙማ ፖርትፎሊዮ እንዴት እንደምንሞላው የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ሰኔ ላይ በአንድ ሌሊት ነው።

ሰው ግን ወዲያው አላመነኝም። የምዘናው ጊዜ እስኪደርስ ጠበቁ። ያቺ የ9ኛ ሲ መምህርት ያለቀሰችበትን ነገር ነጥብ ላይ አመጣባት እንደሆነ ሊያዩ ነው። አላመጣሁትም። ከዛ በኋላ ነው በሬን የሚያንኳኳው ሰው የበዛው። ብራይክና ሽናይደር የተባሉ ተመራማሪዎች የቺካጎን የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለዓመታት ተከታትለው፣ መተማመን ጠንካራ በሆነባቸው ትምህርት ቤቶች የተማሪ ውጤት የመሻሻል ዕድሉ በጣም እንደሚሰፋ አግኝተዋል። መተማመን ከሚቆምባቸው ነገሮች አንዱ ያደረጉትም ቃልና ተግባር መገጣጠሙን ነው። ሰው አለቃውን የሚፈትነው ሊጎዳው የሚችልበት አጋጣሚ እጁ ሲገባ ነው።

ያልሆነልንም አለ። የመጀመሪያዎቹን ውይይቶች ከትምህርት በኋላ፣ 10 ሰዓት ላይ ነበር የጠራሁት። ግማሹ ቀረ። ተነሳሽነት የላቸውም ብዬ ስማቸውን ማስታወሻዬ ላይ ጻፍኩ። አንዱን ማምሻውን ሳቢያን ሰፈር ባጃጅ ሲነዳ አገኘሁት። ደሞዙ ወር አያደርሰውም፣ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ነው የሚነዳው። ሂሳብ አልቀበልም አለኝ። ቤቴ ስደርስ ስሞቹን ሰረዝኩ፣ ውይይቱንም ወደ ሥራ ሰዓት አመጣነው። መምህር ከጉሮሮው ቀንሶ እንዲተባበር መጠየቅ ትክክል አይመስለኝም።

እስካሁን ማንንም ክፍሉ የማያስገባ አንድ መምህር አለን። አልተጫንኩትም። ከአስገደድኩት ያው የድሮው ቅጽ ይሆናል። ሲደናነቁ ብቻ የሚውሉ ጥንዶችም አሉ፣ «ግሩም ነው፣ ግሩም ነው» ተባብለው ይለያያሉ። ይሄ የእኛ ይሉኝታ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። የ12ኛ ውጤታችን በዚህ ተለወጠ ማለትም አልችልም፤ ውጤት ብዙ አባት አለው። የማውቀው የመምህራን ማረፊያው መቀመጫ መቀየሩን ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚሉት ለካ እንዲህ ነው፤ 9ኛ ሲ ዛሬ የአንዲት ሴት ሸክም አይደለም፣ አራት መምህራን ስለ እነዛ ልጆች ምሳ ሰዓት ላይ ያወራሉ።

ባለፈው መስከረም አንድ አዲስ የባዮሎጂ መምህር ተመደበልን። የመጀመሪያ ሥራው ነው። በሁለተኛው ሳምንት ማረፊያው ውስጥ ወደ እኔ ቀረብ አለና፣ «መቼ ነው የምታዩኝ? ቅጹን ቀድሜ ላገኘው እችላለሁ? ልዘጋጅበት ነው» አለኝ፣ በአንቱታ።

መልስ ልሰጠው ስል ኬሚስትሪዋ ሻይዋን ይዛ ወንበር ሳበችለት።

«ቅጹን ተወው፣ ይደርሳል» አለችው። «ነገ ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ 10ኛ ቢ ነኝ። የሞል ስሌት ነው። ከኋላ ተቀመጥና የትኛው ላይ እንደሚጠፉብኝ እይልኝ።»

ልጁ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ከዛ እስክሪብቶ አውጥቶ መዳፉ ላይ «3ኛ፣ 10 ቢ» ብሎ ጻፈ።